ልብስ አጣቢዎቹን የጠየቁት ሳይንቲስት

ዶ/ር አክሊሉ ለማ ሲባል ብዙዎቻችን እንዶድ እንልና ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። በትምህርት ቤት የሰማነውም ከዚያ ብዙ አይዘልም። እኔ የእኚህን ሰው ሕይወት ለዚህ ዕትም የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የገጠር ጤና ሲነሣ ሁላችንም በዓይናችን የሚመጣው ከከተማ መድኃኒትና ባለሙያ ጭኖ የሚወርድ መኪና ነው። የእሳቸው ታሪክ ይህን መንገድ ገልብጦ ያሳያል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ትንሽ ልበል፤ ያለዚያ የሰውየው ሥራ አይገባንም። ቢልሃርዚያ የሚመጣው በትል ነው። የትሉ እንቁላል ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ጋር ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ይፈለፈልና አንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ በብዙ ሺህ ሆኖ ይወጣና ውኃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የሚዋኝ ሕፃን፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ መስኖ የሚጠልፍ ገበሬ፣ ማንንም አይመርጥም። ቀስ እያለ አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። በ1960ዎቹ የነበሩት መድኃኒቶች ደግሞ ራሳቸው ሰውን የሚያሠቃዩ ነበሩ። ደግሞስ ታክሞ የዳነ ሰው የት ይሄዳል? እዚያው ወንዝ ነው እኮ የሚመለሰው። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን መግደል አንድ መፍትሔ ነበር፤ ግን ለዚያ የሚሆነው ኬሚካል ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገዛ ሆነና የድሃ አገር ገበሬ የሚደርስበት አልነበረም።

አክሊሉ የተወለዱት በ1935 ነው። አሜሪካ ተምረው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ፤ በዚያው ዓመት ቢልሃርዚያን ለማጥናት ዓድዋ ወረዱ። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር።

ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። የሚያጥቡት በእንዶድ ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪዎቹ ሽብጢ ይሉታል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ እንዴት እንደሚነጣ አያት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ወጣቱ ተመራማሪ ከአጣቢዎቹ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ። ሌላው ቦታ ላይ ግን ይህን ያህል አልሞቱም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ያልፋል፤ ሲያልፍም ኖሯል። እሳቸው ግን ከላይ በኩል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከሴቶቹ አንዷን ከእንዶድ አረፋዋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቋት። ጨመረች። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እዚህ ላይ እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ ቆም ብዬ ሳስብ የሚገርመኝ ግኝቱ ራሱ አይደለም። ገና ከአሜሪካ የመጣ ዶክተር ወንዝ ዳር የተቀመጠችን ልብስ አጣቢ የሙከራው ተካፋይ ማድረጉ ነው። እኛ ስለ ገጠር ዘገባ ስንሠራ መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ቢሮ ኃላፊው መሆኑን እዚህች ጋ ማንሣት ሳይኖርብኝ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ላቦራቶሪ ገባ። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። አሜሪካ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም የእንዶዱ ገዳይ ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣና በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ዋናው ፈተና ግን የተካሄደው እዚያው ዓድዋ ነበር። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት በከተማዋ ወንዞች ውስጥ እንዶድ እየተጨመረ ውጤቱ ተከታተለ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረደ። የሕፃናቱ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም እነሱ በቅርብ የተወለዱ ስለሆኑ አዲስ የሚያዘው ሰው መቀነሱን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖ እንዶድ ለምን በየአገሩ አልተዳረሰም? የዓለም የጤና ድርጅት በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ባለው ላቦራቶሪ ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ ነገር ውኃ ውስጥ እንዲገባ አልደገፈም። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ነገር ግን ያንን ምርመራ ለማሠራት የሚጠይቀው ገንዘብ አዲስ አበባ አልነበረም፣ ገንዘቡ ያላቸው ደግሞ ገበሬ በአጥሩ ላይ የሚያበቅለው ተክል ትርፍ አያመጣላቸውም። የካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ሰጥቶ ምርመራው መልክ እስኪይዝ ድረስ ዓመታት አለፉ። ዶ/ር አክሊሉ በሕይወታቸው ሙሉ የተከራከሩት በዚህ ላይ ነው፤ የአፍሪካ ሳይንቲስት በአገሩ የሠራው ሥራ ፈረንጅ ካልደገመው ለምን አይታመንም የሚል ነበር ክርክራቸው።

ብቻቸውን አልነበሩም። የእርሻ ባለሙያው ዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የተለያዩ የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው እያወዳደሩ ከሁሉ የበለጠ የሚገድለውን፣ 44 የሚባለውን ዝርያ ለዩ። በ1989 ሁለቱ አንድ ላይ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውንና አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ተቀበሉ። በዚያን ጊዜ ዶ/ር አክሊሉ አገር ውስጥ አልነበሩም፤ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሲሠሩ ቆይተው በዩኒሴፍ ሥር ጣሊያን ፍሎረንስ ባለው የሕፃናት ማዕከል ነበሩ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በ1990 አሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በዚያው አጋጣሚ እንዶድ የአሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ያስቸገረውን፣ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል ታወቀ። የፈጠራ መብቱ ሲመዘገብ ባለቤቱ ዩኒቨርሲቲው ሆነ፤ የአክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆኖ ቢገባም በእንዶድ ሲያጥቡ የኖሩት የኢትዮጵያ ሴቶች ምን ድርሻ አላቸው የሚለው ጥያቄ ብዙ አነጋገረ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ዶ/ር አክሊሉ በሚያዝያ 1997 ዐረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። በሽታው ግን አልሄደም። አሁን ቢልሃርዚያ ባለባቸው ወረዳዎች ለተማሪዎች ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን ይታደላል፤ ከድሮው ጋር ሲተያይ እጅግ የተሻለ መድኃኒት ነው፣ ትሉን ይገድላል። ቀንድ አውጣውን ግን አይነካም። ጠዋት ኪኒኑን የዋጠው ልጅ ከሰዓት በኋላ እዚያው ወንዝ ይገባል።