ከመሬት ያለውን ርቀት የለካው የቴሌፎን ሰው፦ ሎይድ ኤስፐንሺድ

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ዙሪያው ግን ከዚያ የሚበልጥ ተራራ ነው፤ በሰሜን ሱሉልታን ከአዲስ አበባ የሚለየው እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በምዕራብ ቡራዩንና ሰበታን ቁልቁል የሚመለከተው ወጨጫም ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። በአየር ግፊት የሚሠራው የከፍታ መለኪያ ለአብራሪው ከባሕር ወለል ያለውን ከፍታ ይነግረዋል እንጂ ከሥሩ ያለው ሸንተረር ምን ያህል እንደ ቀረበው አያውቅም። ይህን ጉድለት ለመሙላት የተነሣው መሐንዲስ ሎይድ ኤስፐንሺድ ነበር።

ኤስፐንሺድ በ1889 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደ። ከፕራት ኢንስቲትዩት በ1909 ተመርቆ በማግሥቱ ዓመት ወደ አሜሪካ የቴሌፎንና የቴሌግራፍ ኩባንያ ገባ። በ1915 ከዋሽንግተን አጠገብ ከአርሊንግተን በራዲዮ የተላከውን የሰው ድምፅ ሃዋይ ደሴት ላይ ሆኖ ካዳመጡት አንዱ እሱ ነው። ከባልደረባው ከኸርማን አፍል ጋር የኮአክሲያል ኬብልን የቴሌፎን መሥመር ፈለሰፈ፤ በክሪስታል የሚሠራ የሞገድ ማጣሪያም የእጁ ሥራ ነው። ባጭሩ፥ ዕድሜውን የፈጀው ለቴሌፎን ነው።

የራዲዮ አልቲሜትር ሐሳብ የመጣለት በ1924 ነበር። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ድግግሞሹ ያለ ማቋረጥ የሚለዋወጥ ሞገድ ወደ መሬት ይላካል፤ ነጥሮ እስኪመለስ ድረስ የላኪው ድግግሞሽ ተለውጦ ይጠብቀዋል፤ የሁለቱ ልዩነት ከፍታውን ይሰጣል። ነገር ግን መሬቱ 300 ሜትር ሲርቅ የደርሶ መልሱ ጉዞ የሚፈጀው የሴኮንድ ሁለት ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። ይህን ለመለካት የሚበቃ መሣሪያ ለአውሮፕላን እንዲስማማ ሆኖ እስኪሠራ 14 ዓመት ፈጀ። ከራስል ኒውሃውስ ጋር የሠራው መሣሪያ በ1938 በአውሮፕላን ላይ ታየ። በ1940 የራዲዮ መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት የክብር ሜዳሊያ ሸለመው፤ በ1986 በ97 ዓመቱ አረፈ።

አልቲሜትሩ ዛሬ ከ4.2 እስከ 4.4 ጊጋ ኸርዝ ባለው ባንድ ይሠራል፤ አውቶማቲክ የማረፊያ መሣሪያዎችም ንባቡን አምነው ይታዘዛሉ። ንባቡ ሲሳሳት ምን እንደሚከተል በ2009 አምስተርዳም አቅራቢያ በወደቀው የቱርክ አውሮፕላን ታይቷል፤ በአልቲሜትሩ ብልሽት ምክንያት የሞተሩ ኃይል ያለ ጊዜው ቀነሰ፥ 9 ሰዎችም ሞቱ። ያ የሞገድ ጣልቃ ገብነት አልነበረም፤ ስሕተቱ ከየትም ይምጣ መሣሪያው ግን ያው ነው።

በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ከ3.7 እስከ 3.98 ጊጋ ኸርዝ ያለውን ባንድ ለአምስተኛው ትውልድ ስልክ ስትከፍት አንዳንድ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። በሁለቱ ባንዶች መካከል 220 ሜጋ ኸርዝ ክፍተት አለ። ችግሩ ስልኩ ከድንበሩ መውጣቱ ብቻ አይደለም፤ የቆዩት አልቲሜትሮች ከባንዳቸው ውጭ ያለውን ብርቱ ሞገድ አጣርተው አያስቀሩም። ስለዚህ በማረፊያዎች አቅራቢያ የጣቢያዎቹ ኃይል ተገደበ፤ አልቲሜትሮቹም ማጣሪያ ይጨመርላቸው ጀመር። የቴሌፎኑ ሰው ልጆች እርስ በርስ ተጣልተው የታረቁት፥ እሱ በደከመበት በማጣሪያ ጥበብ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አምስተኛውን ትውልድ በአዲስ አበባ አስጀመረ። በሱሉልታ፥ በቡራዩ ወይም በሰበታ ኮረብታ ላይ የአንቴና ምሰሶ የሚተክል መሐንዲስ፥ በሜዳ ላይ ከሚተክለው የበለጠ ሒሳብ አለበት፤ ከተዳፋት ወደ አድማስ የተነጣጠረ ጨረር፥ ለማረፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን ከሚያልፍበት ከፍታ ጋር ሊገጥም ይችላልና።