ጄምስ ጁልና የጉልበት ምንዛሪ

ቀድሞ አሞሌ ጨውን በጠገራ ብር ለሚለውጥ ነጋዴ የምንዛሪውን ልክ ማወቅ የንግዱ መጀመሪያ ነበረ። የጉልበትም ነገር እንዲሁ ነው። ዛሬ በወልድያ የመብራት ሒሳብ በኪሎዋት ሰዓት ይቈጠራል፤ የምግብ ጉልበት በካሎሪ ይነገራል፤ ከመርሳ ገበያ ወደ ሀብሩ ደጋ እህል የሚያወጣ አህያ ሥራ ግን በጭነቱ ክብደትና በዳገቱ ከፍታ ይታወቃል። እነዚህ ሁሉ እርስ በርሳቸው የሚመነዘሩ መሆናቸውን በቍጥር ካስረዱት ሰዎች ዋነኛው ጄምስ ፕሬስኮት ጁል ነው።

ጁል እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1818 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማንችስተር አጠገብ በሳልፎርድ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ ቢራ ጠማቂ ነበረ። ልጁም በስመ ጥሩው ሊቅ በጆን ዳልተን እጅ ተማረ እንጂ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ሥራውም ጠመቃ ነበረ። ጠማቂ ሙቀትን በጥንቃቄ መለካት ግዴታው ነውና ይህ ልማድ ኋላ ሳይጠቅመው አልቀረም።

በዚያ ዘመን ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ ሙቀትን የማይፈጠርና የማይጠፋ ረቂቅ ፈሳሽ አድርገው ያምኑ ነበር። ጁል ግን ሥራ ራሱ ወደ ሙቀት ይለወጣል ብሎ ተነሣ። በ1843 ዓ.ም. ይህን በአየርላንድ በኮርክ ጉባኤ ቢያሰማ የሰማው ጥቂት ነው፤ የቢራ ጠማቂ ቃል በሊቃውንት ፊት ቀላል ሆኖ ታየ። እርሱ ግን ክርክሩን ትቶ ወደ መለካት ተመለሰ። ውሃ በተመላ ዕቃ ውስጥ መቅዘፊያ አቆመ፤ ወደ ታች የሚወርድ ክብደትም መቅዘፊያውን እንዲያዞር አደረገ። ክብደቱ ሃያ ጊዜ እየተነሣ ቢወርድ የውሃው ሙቀት አንድ ዲግሪ ፋራናይት እንኳ አይሞላም ነበርና የቴርሞሜትሩ ንባብ እጅግ ረቂቅ መሆን ነበረበት። በ1847 ዓ.ም. በኦክስፎርድ አሳጥረህ ተናገር ተባለ፤ ነገር ግን ወጣቱ ዊልያም ቶምሰን የነገሩን ክብደት አስተዋለ። በ1850 ዓ.ም. ጁል ልኩን አሳተመ፤ ይኸውም 772 ፓውንድ የሚመዝን ነገር አንድ ጫማ ሲወርድ የሚሰጠው ሥራ አንድ ፓውንድ ውሃን አንድ ዲግሪ ፋራናይት ያሞቃል ማለት ነው።

ይህ በዛሬው መለኪያ ሲመነዘር አንድ ኪሎ ካሎሪ 4184 ጁል ያህል፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓትም 3,600,000 ጁል ነው። እንግዲህ አንድ ኩንታል ጤፍ 427 ሜትር ከፍታ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሥራ፤ የአህያው የራሱ ክብደትና ድካም ሳይታሰብ፤ 5 ሊትር ውሃን 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከማሞቅ አይበልጥም። በመብራት ቈጣሪም ቢሆን ከኪሎዋት ሰዓት ስምንተኛ እጅ ያንሳል። ሙቀት እንዲህ ብዙ ጉልበት የሚበላ ስለ ሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቈጣሪውን ከአምፑል ይልቅ ያስሮጠዋል።

በ1854 ዓ.ም. ጁል ሚስቱን በሞት አጣ፤ የጠመቃውም ቤት በዚያው ዓመት ተሸጠ። በ1870 ዓ.ም. የኮፕሊ ሜዳልያ ተሰጠው። በ1878 ዓ.ም. እንደ ገና ለክቶ 772.55 አገኘ። በ1889 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰበው የኤሌክትሪክ ጉባኤ የጉልበትን መለኪያ በስሙ ጁል ብሎ ሰየመ፤ እርሱም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በሴል ከተማ ዐረፈ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ 772.55 የሚለው ቍጥር ተቀርጿል፤ ዛሬ የታወቀው ልክ 778 ያህል ነው።