ዶክተር ሃርቪ ዋይሊና የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ጽሑፍ

አዳማ መናኸሪያ አካባቢም ሆነ ሞጆና ሻሸመኔ፣ ስኳርን፣ ደም ግፊትንና ሪህን በአንዴ አድናለሁ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠርሙስ ለማየት ብዙ መዞር አያስፈልግም። ታካሚዎቼም ይዘውት ይመጣሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ከዚሁ ዓይነት ጽሑፍ ጋር የታገሉ አንድ የሙያ አባታችንን ላስተዋውቃችሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ሃርቪ ዋይሊ በ1844 አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1871 በሕክምና ቢመረቁም ልባቸው ኬሚስትሪ ላይ ነበርና ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ ኋላም የግብርና ሚኒስቴሩ ዋና ኬሚስት ሆኑ። በ1902 ፈቃደኛ ወጣቶችን ሰብስበው ቦራክስና ሌሎች ምግብ ማቆያ ኬሚካሎች የሚያደርሱትን ጉዳት መዘገቡ። የ1906ቱ የምግብና መድኃኒት ሕግ የወጣው በእሳቸው ጉትጎታ ጭምር ነው።

በ1908 መርዛማ ነገር የለበትም ብሎ አሲታኒላይድ ያለበት የራስ ምታት መድኃኒት የሸጠ ሰው 700 ዶላር ተቀጣ። በ1911 ግን ካንሰር ያድናል የተባለ መድኃኒት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና መንግሥት ተረታ። አብዛኞቹ ዳኞች፣ ሕጉ የሚከለክለው ስለ መድኃኒቱ ምንነትና ይዘት መዋሸትን ብቻ ነው አሉ። ያድናል ብሎ መዋሸት ታዲያ አያስከስስም ማለት ነው!

ዋይሊ በመጋቢት 1912 ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኮንግረስ ቀዳዳውን ለመድፈን ሕጉን አሻሻለ፤ ሆኖም ከሳሽ፣ ሻጩ ሆን ብሎ ማታለሉን ማስረዳት ነበረበት። ሻጩ አምኜበት ነው ካለ፣ ልቡን ማን ከፍቶ ያያል? ይህ ሸክም የተነሳው በ1938 ነው። ዋይሊ ይህን አላዩም፤ ጁን 30 ቀን 1930፣ የመጀመሪያው ሕግ በተፈረመበት ዕለት ልክ በ24ኛ ዓመቱ አረፉ።

እኛ ዘንድ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። ሕግ ግን ብቻውን አይከስም። ኢንሱሊኑን ትቶ ጠርሙስ የጨበጠ ታካሚ ሲመጣ መቆጣት ምን ይፈይዳል? ጽሑፉን ፎቶ እናንሳ፣ መቼና ምን ያህል እንደወሰደ ካርዱ ላይ እንጻፍ፣ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም እናሳውቅ። ክስ የሚቆመው ሐኪም በመዘገበው ማስረጃ ነው፤ መምህራኖቻችንም ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩልን ደስ ይለኛል።