የሕሙማኑ ወንድም አባ ዳሚያን

ችግረኛን ከሩቅ ሆኖ መርዳት መልካም ነገር ነው። ገንዘብ የሚልክ፥ ልብስ የሚሰጥ፥ መድኃኒት የሚያቀርብ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ሕመምተኛ ከቍስሉ ይልቅ የሚመረው ከሰው ተራ ተለይቶ መጣሉ ነው። ይህን ምሬት የሚያቃልልለት አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ሲያገኝ ነው። ዛሬ ታሪካቸውን በአጭሩ የምናቀርበው አባ ዳሚያን ይህን ተረድተው በሥራ የገለጹ ሰው ነበሩ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አባ ዳሚያን በ1840 ዓ.ም. መጀመሪያ በቤልጅግ አገር ትረሜሎ በምትባል መንደር ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ዮሴፍ ደ ቮስተር ነበር። አባታቸው ገበሬና የእህል ነጋዴ ስለ ነበሩ፥ ልጃቸው የእርሳቸውን ሥራ እንዲይዝላቸው ይፈልጉ ነበር። ልጁ ግን የታላቅ ወንድማቸውን ፈለግ ተከትለው በ1859 ዓ.ም. ሉቨን ከተማ የኢየሱስና የማርያም ቅዱሳት ልቦች በሚባለው የመነኮሳት ማኅበር ገቡ። ዳሚያን የተባሉትም በዚያ ነው። ትምህርታቸው አነስተኛ ስለ ነበር በመጀመሪያ ለክህነት አልታጩም ነበር፤ ነገር ግን በወንድማቸው ረዳትነት የላቲንን ቋንቋ በትጋት አጥንተው የአለቆቻቸውን አሳብ አስለወጡ።

በ1863 ዓ.ም. ወንድማቸው በሐዋይ ደሴቶች ወንጌል እንዲያስተምሩ ተመደቡ። ሊነሡ ሲሉ ግን በተስቦ ታመው ተኙ። በዚህ ጊዜ ዳሚያን ገና ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ፥ በወንድሜ ፈንታ እኔን ላኩኝ ብለው ፓሪስ ላሉት የማኅበሩ የበላይ አለቃ ጻፉ፤ ልመናቸውም ተፈቀደላቸው። ከአራት ወር በላይ በመርከብ ተጕዘው በ1864 ዓ.ም. መጋቢት ወር ሆኖሉሉ ደረሱ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የክህነትን ማዕርግ ተቀብለው፥ በትልቁ የሐዋይ ደሴት ላይ በገዛ እጃቸው ጸሎት ቤት እየሠሩ ዘጠኝ ዓመት ያህል አስተማሩ።

ሐዋይ በዚያን ዘመን በራሷ ንጉሥ የምትተዳደር አገር ነበረች። የሥጋ ደዌ በሕዝቡ መካከል እየተስፋፋ ስለ ሄደ፥ በንጉሥ ካሜሃሜሃ አምስተኛ ዘመነ መንግሥት በ1865 ዓ.ም. ሕሙማኑ ከሕዝብ ተለይተው እንዲቀመጡ የሚያዝ ሕግ ወጣ። የተመረጠላቸው ስፍራ በሞሎካይ ደሴት የሚገኘው ካላዋኦ ነበር። ይህ ስፍራ በሦስት ወገን ባሕር ይከበዋል፤ በአራተኛው ወገን ደግሞ እንደ ግድግዳ የቆመ ከፍተኛ ገደል ይዘጋዋል። ከ1866 ዓ.ም. ጀምሮ አባት ከልጆቹ፥ ሚስት ከባልዋ እየተለየች ወደዚያ ተጋዘች። መድኃኒት አልነበረም፤ የተላከ ሰውም አይመለስም ነበር።

በ1873 ዓ.ም. ጳጳሱ አባ ሉዊ ሜግሬ ስለ ሕሙማኑ ባነጋገሩ ጊዜ አራት ካህናት በየተራ ሊያገለግሉ ፈቃደኞች ሆኑ። የመጀመሪያው ተረኛ አባ ዳሚያን ነበሩ፤ በግንቦት ወር ሲደርሱ ዕድሜያቸው 33 ዓመት ነበር። የሚያድሩበት ቤት ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በዛፍ ሥር አሳለፉ። ከዚያ ወዲያ ተራቸውን ለሌላ አላስረከቡም።

የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። ቍስል ያጥቡና ይጠግኑ ነበር። ከሸለቆው ውኃ በቧንቧ አስመጡ፤ ከሕሙማኑ ጋራ ሆነው ቤት ሠሩ፤ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሰብስበው አሳደጉ። ቀድሞ ሬሳ ያለ ሣጥን ይቀበር ነበርና፥ ሣጥኑን ራሳቸው እየጠረቡ፥ እንደኛ አገር እድር ያለ የቀብር ማኅበር አቋቋሙ። ሰው ሲሞት በክብር የሚሸኘው መሆኑን ያወቀ ሕመምተኛ በሕይወቱም ሳለ ክብሩ ተመለሰለት።

መንግሥት ከሕሙማኑ ጋራ የኖረ ሰው ከስፍራው እንዳይወጣ በከለከለ ጊዜ እርሳቸውም የእገዳው ተካፋይ ሆኑ። አንድ ቀን የማኅበራቸው አለቃ በመርከብ መጥተው ሳለ፥ የመርከቡ ሹም አለቃው እንዳይወርዱ ስለ ከለከለ፥ አባ ዳሚያን በታንኳ ወደ መርከቡ ተጠግተው ንስሓቸውን ጮኽ ብለው በፈረንሳይኛ ተናዘዙ።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን አንዲት ትንሽ ቃል ናት። አባ ዳሚያን በስብከታቸው ሕሙማኑን እናንተ ብለው አይጠሩም ነበር፤ ገና በመጀመሪያው ዓመት፥ ሰውነታቸው ፍጹም ጤነኛ ሳለ፥ እኛ ሕሙማን እያሉ ይሰብኩ ነበር። ቃሉም በአፍ ብቻ አልቀረም፤ ከሕሙማኑ ጋራ ከአንድ ገበታ ይበሉ፥ ፒፓቸውንም ያውሷቸው ነበር። ይህን ድፍረት ካለ ጥንቃቄ የተደረገ ነው ብለው የነቀፉ አሉ። ሕሙማኑ ግን ሊነካቸው የማይጸየፍ ሰው ማግኘታቸውን አዩ።

በ1884 ዓ.ም. መጨረሻ እግራቸውን በጣም በሞቀ ውኃ ውስጥ አግብተው ሲላጥ እንኳ ሕመሙ አልተሰማቸውም። በሽታው እንደ ያዛቸው ያን ጊዜ ዐወቁ። ቢሆንም ከአራት ዓመት በላይ ሥራቸውን አላቋረጡም፤ በ49 ዓመታቸው በ1889 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ዐርፈው፥ በመጀመሪያ ካደሩበት ዛፍ ሥር ተቀበሩ። ከማረፋቸው በፊት አሜሪካዊው ዮሴፍ ደተንና እናት ማርያን ኮፕ ደርሰውላቸው ስለ ነበር ሥራው ያለ ተተኪ አልቀረም።

እንከን የሌለባቸው ሰው ነበሩ አንልም። ችኵልና ግትር ነበሩ፤ ከአለቆቻቸውም ጋራ ብዙ ጊዜ ተጋጭተዋል። ከሞቱም በኋላ አንድ የፕሮቴስታንት ቄስ ስማቸውን የሚያጐድፍ ደብዳቤ ጻፈ። ሞሎካይን በዓይኑ ያየው የስኮትላንዱ ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ግን በ1890 ዓ.ም. ጠንካራ መልስ ጽፎ ተሟገተላቸው። ደራሲው ጕድለታቸውን አልሸሸገም፤ ሌላው በምቾት ተቀምጦ ሳለ እርሳቸው ወደ ሞት ስፍራ መግባታቸውን ግን ማንም ሊክድ እንደማይችል አስረዳ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ2009 ዓ.ም. ቅዱስ ብላ ሰየመቻቸው።

አባ ዳሚያን ወደ ሞሎካይ በሄዱበት በ1873 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን የበሽታውን ተሐዋስ አገኘ፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የምርምር ተቋም የሚጠራው በዚሁ ሐኪም ስም ነው። ዛሬ የሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፤ የሞሎካይም የማግለል ሕግ በ1969 ዓ.ም. ተሽሯል። ሰውን ሰው የመጸየፍ ደዌ ግን በኪኒን የሚድን አይደለም። የአባ ዳሚያን ሕይወት የሚያስተምረን የዚህን ደዌ ፈውስ ነው፤ ይኸውም እነርሱ የምንላቸውን ሰዎች እኛ ብለን መጥራት፥ ከጠራንም በኋላ አብረን ከገበታው መቅረብ ነው።