ጆን ብራውኒንግ፦ ከወዳደቀ ብረት እስከ ሮያሊቲ

ብራውኒንግ የሚለውን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው በሽጉጥ ነው። ከስሙ ጀርባ ስላለው ሰው ግን ብዙም አናወራም። እኔን ወደ ታሪኩ የሳበኝ መሣሪያው አይደለም፤ የሰውዬው ሒሳብ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ምን ያድርግ፣ ሁሉም ነገር ላይ ዋጋ ይታየዋል! (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ በ1855 አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ኦግደን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆናታን ጠመንጃ ሠሪ ነበር። ሦስት ሚስት፣ 22 ልጅ። እንዲህ ባለ ቤት ገንዘብ አይተርፍም፤ የሚተርፈው ብረት ነው። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው የአባቱን ወርክሾፕ በዓይነ ሕሊናው ለማየት አይቸገርም።

አሥር ዓመቱ ላይ ከዚያ ክምር አንድ የተጣለ አሮጌ አፈሙዝ አነሳ። የወዳደቀ ጣውላ በመጥረቢያ ጠርቦ ሰደፍ አበጀለት። ሁለቱን በሽቦ ጠፍሮ አሰረ፣ ለባሩዱ ማስቀመጫ ደግሞ ቁራጭ ቆርቆሮ ገጠመ። ምላጭ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ታናሽ ወንድሙ ማት ፍም በጣሳ ይዞ ተከተለው፤ ጆን ሲያነጣጥር ማት ባሩዱን ለኮሰ። ልጆቹ ጅግራ የሚመስሉ ሦስት የዱር ወፎች ይዘው ቤት ገቡ።

በማግሥቱ ቁርሱ የወፍ ሥጋ ሆነ። አባትየው በልቶ ሲያበቃ ጠመንጃውን አምጣ አለው። አገላብጦ አየና አላሞገሰውም፤ አሥራ አንድ ሊሞላው የደረሰ ልጅ ከዚህ የተሻለ መሥራት አይችልም ወይ ብሎ ጠየቀው። ጆን ምንም ሳይመልስ ጠመንጃውን ፈታታው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ለዚያች ጥያቄ መልስ ሲሰጥ የኖረ ይመስለኛል።

በ1878፣ በ23 ዓመቱ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ የአደን ጠመንጃ ሠራ። የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ንድፉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፣ ቀሪው በሞረድ ይወጣል። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ያገኘው በጥቅምት 1879 ነው። አባቱ ከጥቂት ወራት በፊት አርፎ ስለነበር ይህን አላየም።

ወንድማማቾቹ ኦግደን ላይ ትንሽ ወርክሾፕ ከፍተው ጠመንጃውን በእጅ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። በ1883 የታዋቂው ዊንቸስተር ፋብሪካ ሰው ድረስ መጥቶ የማምረት መብቱን በ8,000 ዶላር ገዛቸው። ለገጠር ልጆች ሰማይ የወረደላቸው ያህል ነው።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ዊንቸስተር ለ19 ዓመት ያህል ከጆን ንድፍ ሲገዛ ኖረ፤ ሁሌም በአንድ ጊዜ ክፍያ። የሚገርመው፣ ከገዛው ውስጥ ብዙውን አላመረተውም። ሼልፍ ላይ አስቀመጠው! ለምን? ተፎካካሪ እጅ እንዳይገባ ነዋ። ገበያን መዝጋት ማለት ይህ ነው።

በ1902 ጆን በራሱ የሚጎርስ የአደን ጠመንጃ ይዞ ቀረበና አቋሙን ቀየረ፦ የአንድ ጊዜ ክፍያ አልፈልግም፣ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ላይ ድርሻዬን ስጡኝ አለ። ዊንቸስተር እምቢ አለ። ጆን ወደ ሬሚንግተን ሄደ። የድርጅቱን ፕሬዚዳንት ለማነጋገር ተቀምጦ ሲጠብቅ ሰውዬው በልብ ድካም ሞተ የሚል መርዶ ሰማ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ዊንቸስተር ተመልሶ የተሰጠውን ይቀበል ነበር። እሱ ግን መርከብ ተሳፍሮ ቤልጂየም፣ ሊዬዥ ከተማ፣ ሽጉጡን ያመርትለት ወደነበረው ኤፍ ኤን ፋብሪካ ሄደ። ያ ጠመንጃ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሲመረት ኖረ።

ግን ሒሳቡ ሁሌ በዶላር አይዘጋም። በሰኔ 1914 ሳራዬቮ ላይ አርክዱክ ፍራንዝ ፈርዲናንድ የተገደሉት ጆን በነደፈው፣ ኤፍ ኤን ባመረተው ሽጉጥ ነው። ጦርነቱ ተቀጣጠለ፤ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ጀርመኖች ሊዬዥን ራሷን ያዙ። እንዲህ ያለው ኪሣራ የማንም ውል ላይ አይጻፍም፤ የሚከፍለው ሦስተኛ ወገን ነው። በ1917 አሜሪካ ጦርነቱ ስትገባ ደግሞ ለመትረየሶቹ መንግሥት ያቀረበለትን 750,000 ዶላር ሳይከራከር ተቀበለ። በሮያሊቲ ቢሆን በብዙ እጥፍ ያገኝ ነበር። ድርሻዬን ብሎ ውቅያኖስ የተሻገረው ሰው ማለት ነው!

በኅዳር 1926፣ በ71 ዓመቱ፣ ሊዬዥ ፋብሪካው ውስጥ በሥራ ላይ እያለ ልቡ ቆመ። 128 የፈጠራ መብቶች ትቶ ሄደ። በመጨረሻ ዘመኑ ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ መትረየስ አልነበረም፤ ሁለት አፈሙዝ ከላይና ከታች የተደራረበበት የወፍ ማደኛ ጠመንጃ ነው። የቀረውን ልጁ ቫል ጨረሰለት።