ስድሳ ቀን ለፓሪስ፦ የመምህርት አና ጁሊያ ኩፐር የትምህርት ጕዞ

አና ጁሊያ ሄይውድ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፥ ራሌይ በምትባል ከተማ በ1858 ዓ.ም. ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። እናታቸው ሐና ስታንሊ በባርነት የተያዙ ሴት ስለ ነበሩ፥ የተወለደችውም ሕፃን በዘመኑ ሕግ የጌታው ንብረት ሆና ተቈጠረች። የርስ በርሱ ጦርነት በ1865 አብቅቶ ባርነት ከተሻረ በኋላ፥ ነፃ ለወጡት ጥቁሮች መምህራንን የሚያሠለጥን ቅዱስ አውግስጢኖስ የተባለ ትምህርት ቤት በዚያችው ከተማ ተከፈተ። አና በ1868 ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው በነፃ የትምህርት ዕድል ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ጋር ገቡ፤ ብዙም ሳይቈዩ በዕድሜ የሚበልጧቸውን ማስጠናት ጀመሩ።

ዕድሉ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ለክህነት እዘጋጃለሁ የሚል ወንድ ልጅ ገና ሐሳቡን እንደ ገለጸ ርዳታ ሲደረግለት፥ ሴት ልጅ ግን የምትማርበትን ገንዘብ እያስተማረች መልቀም ነበረባት። የግሪክ ቋንቋም ለወንዶች ብቻ ይሰጥ ነበር። አና ይህን ተቃውመው ከወንዶቹ ጋር ለመማር ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። በ1877 ጆርጅ ኩፐርን አገቡ፤ ባለቤታቸው ግን በ1879 ዐረፉ። በዚያ ዘመን ያገባች ሴት በመምህርነት መቈየቷ የተለመደ ስላልነበረ፥ ወደ ማስተማሩ ሥራ ሙሉ በሙሉ የመለሳቸው ይኸው ሐዘን ነው ማለት ይቻላል።

በ1881 ወይዘሮ ኩፐር ኦሃዮ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ኦበርሊን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ጽፈው፥ የትምህርቱ ክፍያ እንዲማርላቸውና ለኑሯቸው የሚሆን ሥራ እንዲያገኙ ለመኑ። ሁለቱም ተፈቀደላቸው። ኦበርሊን ለሴቶች አጠር ያለ ትምህርት ያዘጋጀ ቢሆንም እርሳቸው የመረጡት የወንዶች ይባል የነበረውን የአራት ዓመት ትምህርት ሲሆን፥ በ1884 የባችለር ዲግሪ ተቀበሉ። ከዚያ በዊልበርፎርስና በቀድሞ ትምህርት ቤታቸው አስተማሩ። በ1887 ኦበርሊን የማስተማር ልምዳቸውን ቈጥሮ የማስተርስ ዲግሪ በሒሳብ ሰጣቸው። ማስተማር ራሱ እንደ ትምህርት ተቈጥሮ ዲግሪ ማስገኘቱ በሕይወታቸው የታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ለጥቁር ልጆች ወደ ተቋቋመው የዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጠሩ። ትምህርት ቤቱ በኋላ ኤም ስትሪት ተባለ። በ1892 ስለ ጥቁር ሴቶች ትምህርት የሚከራከረውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ በ1900 ደግሞ ለንደን ላይ በተደረገው የመጀመሪያ የፓን አፍሪካ ጉባኤ ተገኝተው ንግግር አደረጉ። የሃይቲው ተወላጅ ቤኒቶ ሲልቬን የዳግማዊ ምኒልክ ወኪል ሆነው የተቀመጡት በዚሁ ጉባኤ ነበር። በ1902 የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሆኑ፤ ተማሪዎቻቸውም እስከ ሃርቫርድ ድረስ መግባት ቻሉ። ነገር ግን ለጥቁር ልጆች ከፍ ያለ ትምህርት መስጠቱን ያልወደዱ ባለሥልጣኖች ነበሩ፤ ክስና ሐሜት ተነሣ፤ በ1906 ሹመታቸው ሳይታደስ ቀረ። አራት ዓመት በሚዙሪ ካስተማሩ በኋላ በ1910 ወደዚያው ትምህርት ቤት ተራ የላቲን መምህርት ሆነው ተመለሱ።

ታላቁ ትምህርታቸው የጀመረው ከዚህ ውርደት በኋላ ነው። በ1911፥ በ1912 እና በ1913 ሌሎች መምህራን በሚያርፉበት የበጋ ዕረፍት ወደ ፓሪስ ተሻግረው ፈረንሳይኛ አጠኑ። በ1914 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተመዘገቡ። የሻርልማኝ ጕዞ የተባለውን የጥንት ፈረንሳይኛ ግጥም ለኅትመት ማዘጋጀትም ያዙ። በ1915 ግን የወንድማቸውን ልጅ አምስት ልጆች ተረክበው ማሳደግ ጀመሩ፤ ትልቁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሲሆን ትንሹ ገና ሕፃን ነበር። ኮሎምቢያ ደግሞ ዲግሪ ለመስጠት አንድ ዓመት እዚያው ተቀምጦ መማርን ይጠይቅ ነበር። አምስት ልጅ የሚያሳድግ፥ በደመወዝ የሚያድር መምህር አንድ ዓመት ሥራውን ጥሎ በምን ይኖራል? የወይዘሮ ኩፐር ችግር የዕውቀት ወይም የክፍያ ብቻ አልነበረም፤ ጊዜ የሚሰጣቸው አጡ።

ስለዚህ የኮሎምቢያውን ትምህርት ወደ ሶርቦን አዛወሩ። በ1924 በሕመም ፈቃድ ከሥራ ወጥተው ፓሪስ ገቡና በቤተ መዛግብት ውስጥ ስለ ፈረንሳይ አብዮትና ስለ ባርነት መመርመር ጀመሩ። የሕመም ፈቃድ ለዚህ ማዋላቸው ደንበኛ አሠራር አይባልም፤ ለመምህር ሌላ በር ቢከፈትለት ኖሮ ግን በዚህኛው ባልገቡ ነበር። ሃምሳ ቀን ያህል እንደ ቈዩ አንድ ወዳጃቸው ቴሌግራም ላኩላቸው፤ በስድሳ ቀን ውስጥ ካልተመለሱ ከሥራ ይሰናበታሉ የሚል ነበር። ከሥራ መሰናበት ማለት ደመወዙንም፥ የብዙ ዓመቱን የጡረታ መብትም ማጣት ነው። ሶርቦንን አስፈቅደው ቀሪውን ምርምር በዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለመጨረስ ተስማሙና በመርከብ ተመለሱ። በስድሳኛው ቀን ጠዋት፥ ለሦስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው፥ ከክፍላቸው ደረሱ።

ቀን እያስተማሩ፥ ማታ ልጆቹን እያስተኙ ጽሑፉን በፈረንሳይኛ ጨረሱ። በአብዮቱ ዘመን ፈረንሳይ ስለ ባርነት የነበራትን አቋም ይመረምራል፤ የሄይቲን ባሮች መነሣትም ከአብዮቱ ታሪክ ሳይለዩ ያዩታል። መጋቢት 23 ቀን 1925 በሶርቦን ሦስት ፕሮፌሰሮች ፊት ቀርበው ተከራከሩና አለፉ። ያን ጊዜ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ዶክትሬት ካገኙት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችም አራተኛዋ ሆኑ። ዲግሪያቸውን የተቀበሉት በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር፥ ዋሽንግተን በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ነው።

በ1930 ጡረታ ወጡ፤ ሆኖም አላረፉም። ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ለሚማሩ ጐልማሶች የተቋቋመው የፍሬሊንግሃይዘን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ትምህርት ቤቱ የሕንፃውን ዕዳ መክፈል ሲያቅተው ክፍሎቹን ወደ ገዛ ቤታቸው አስገቡ። ለንባብ ያልበቁ ሠራተኞች የሚጀምሩበትን ክፍል ደግሞ በባርነት በኖሩት እናታቸው በሐና ስታንሊ ስም ሰየሙት። ዶክተር አና ኩፐር በ1964፥ በ105 ዓመታቸው ዋሽንግተን ውስጥ አረፉ፤ የተቀበሩትም ራሌይ ላይ ነው።