ሜስቲሶ መባልን ያልጠላው ኢንካ

ሰውን በምን ቃል እንጥራው የሚለው ነገር ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኔ ይህን ሳስብ ቶሎ ትዝ የሚለኝ የፔሩ ተወላጁ ጸሐፊ ኢንካ ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1539 ኩስኮ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ስፔናዊ ሻምበል ሲሆን፣ እናቱ ቺምፑ ኦክሎ ደግሞ ከኢንካ ነገሥታት ዘር ነበረች። ሲወለድ ስሙ ጎሜዝ ሱዋሬዝ ዴ ፊጌሮአ ነበር። ከእናቱ ዘመዶች ኬችዋ ቋንቋና የኢንካዎችን ታሪክ እየሰማ አደገ። አባቱ ግን እናቱን አላገባትም፤ ሌላ ስፔናዊት አገባ።

በ1560፣ በእኛ ዕድሜ ገደማ ማለት ነው፣ አባቱ በተናዘዘለት ገንዘብ ስፔን ሄደ። ለአባቱ አገልግሎት ካሣ ቢጠይቅም አልተሳካም። ምክንያቱም አባቱ በ1547ቱ የዋሪና ጦርነት ለአማፂው ጎንዛሎ ፒዛሮ ፈረሱን ሰጥቷል ተብሎ በታሪክ መጽሐፍ ተጽፎ ነበር። አንድ ወሬ በጽሑፍ ሲቀመጥ የሰው ዕጣ እንዴት እንደሚለውጥ ከዚህ በላይ ምን ምሳሌ አለ? እሱም የአባቱን ስም ያዘና መልሱን በብዕር ሰጠ።

በ1609 ሊዝበን ላይ የታተመው የኢንካዎች ታሪኩ ስለ ስያሜዎችም ያወራል። ሜስቲሶ ማለት ክልስ ማለት ነው። በአሜሪካ ምድር እንደ ንቀት ስለሚቆጠር ብዙዎች ሞንታኜስ፣ ማለትም የተራራ ሰው፣ መባልን መረጡ። ጋርሲላሶ ግን ይህ ቃል በስፔን ክብር ቢኖረውም ወደ ኬችዋ ሲመለስ የጫካ አውሬ ሰው እንደሚሆን አሳየ። ሌላው ስያሜ ኳትራልቦ ይባላል፤ ስፓኒሾች አራቱም እግሩ ነጭ ለሆነ ፈረስ የሚሉት ነው። ሰው በፈረስ መልክ ሲቆጠር አስቡት! እሱ ግን ሜስቲሶ የሚለውን አባቶቻችን ያወጡልን ስም ነው ብሎ በኩራት ተቀበለው።

ፔሩን ዳግም ሳያይ በ1616 ኮርዶባ ውስጥ አረፈ። ከሁለተኛው ቱፓክ አማሩ አመፅ በኋላ፣ በ1782፣ የስፔን ንጉሥ መጽሐፉ ከፔሩ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ከሞተ ከ160 ዓመት በላይ ቆይቶም ያስፈራ ነበር ማለት ነው።

እኔ ከሱ የተማርኩት ይህን ነው፦ ስያሜ ከመጻፋችን በፊት ማን አወጣው፣ ተጠሪውስ ምን ይሰማዋል ብለን እንጠይቅ።